ዘጠና ሰባት ጠብታ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ይንከባለላል። ውኃው ቅጠሉ ላይ አያርፍም። ጠዋት ሦስተኛው የቡና ችግኝ መደብ ላይ ረጭቼ ቆሜ አየሁት። እንደ ዶቃ ክብ ይሆንና ቅጠሉ ዘንበል ሲል ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል። ጎደሬ ቅጠል ላይ ዝናብ ሲወርድ እንደሚሆነው ማለት ነው። ቅጠሉን የወረረው ተባይ ከነነጭ ዱቄቱ ደረቅ ነው። አንድ ባልዲ ሙሉ አፈሰስኩበት፣ አሁንም ደረቅ ነው።

ረፋዱ ላይ የወረዳዋ የግብርና ባለሙያ ብርቱካን በሞተር መጣች። ማጉያ መነጽሯን አውጥታ የችግኝ ጣቢያችንን መደቦች አንድ በአንድ አየች። ቅጠል እየገለበጠች፣ ግንዱ ሥር እየጎነበሰች፣ ሳትቸኩል። ሥራዋን ታውቃለች፣ ይህን አልክድም። ስትጨርስ፣

"አባባ፣ ይህ ቡና እንዲህ ሆኖ ከዚህ ግቢ አይወጣም" አለችኝ።

የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሳ ታያለች። ተባዩ ካለ ስድስት ሺውም ችግኝ ይቃጠላል። ሸኮ ወረዳ ድረስ ተባይ ተሸክሞ የሚሄድ ችግኝ ላይ አትፈርምም።

ስድስት ሺህ። የአርባ ቤተሰብ ነው። ፍሬውን ጫካ ውስጥ ዛፍ እየመረጥኩ የለቀምኩት እኔ ነኝ። አርባዎቹም አሮጌ ቡናቸውን ነቅለው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ሰኔን እየጠበቁ ነው። ዘንድሮ ካልተተከለ ባዶ መሬት ይዘው ይቀራሉ።

"ሳሙና ቢገባበት ውኃው ይይዛል" አልኳት።

"ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። አቶ ማሞን ይጠይቋቸው።"

ማሞ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ድፍን የልብስ ሳሙና አንድ መርጫ ውስጥ በጥብጦ የጓሮውን ችግኝ እንደ ትምባሆ ቅጠል አደረቀው። አጠገባችን ቆሞ ነበር። መሬት መሬቱን አየ።

"ጥፋቱ የሳሙናው ሳይሆን የመጠኑ ነው" አልኩ።

"መጠኑ ስንት ነው ታዲያ?"

አላወቅሁም። ሰው ፊት አላውቅም ማለት ደግሞ አልወድም። ስለዚህ ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። በዚያ ሐሙስ አንድ ሕያው ተባይ ከተገኘ እሳቱን በገዛ እጄ እለኩሳለሁ፣ የግቢውንም ቁልፍ አስረክባለሁ አልኩ። ማሞ "ኧረ ጋሽ በየነ፣ ቀስ!" አለኝ። ቀስ አላልኩም።

የሚያስፈልገኝ፦ ሳሙና። ሲሪንጅ። የዝናብ ውኃ። አሥር ቀን አለኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አማን ከተማ ወርጄ ፋርማሲ ገባሁ። ሁለት ሚሊ የሚይዝ ሲሪንጅ ጠየቅሁ፣ መርፌውን ነቅሎ እንዲሰጠኝ ነገርኩት።

"ያለ መርፌ ማንን ሊወጉበት ነው አባባ?"

"ውኃ ልቆጥርበት ነው።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሠላሳ ዓመት ቴፒ አጠገብ የቡና እርሻ ላይ ፓምፕ ጠግኛለሁ። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፣ ቀሪውን የሚያፈስ ቧንቧ አስተምሮኛል። ንጹሕ ውኃ ከቀዳዳ ሲንጠባጠብ ጠብታው ትልቅ ነው፣ ቀስ ብሎ ይወድቃል። የልብስ ማጠቢያው ጋን ሲያፈስ ግን ጠብታው ትናንሽና ቶሎ ቶሎ ነበር። ቀዳዳው ግን አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ቀን አሰብኩበት። የገባኝ ይህ ነው፦ ውኃ ፊት አለው። ፊቱ የተወጠረ ነው፣ ጠብታው እስኪከብድ ድረስ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ሳሙና ፊቱ ላይ ሲተኛ ውጥረቱ ይላላል፣ ጠብታውም ሳያድግ ይወድቃል። ስለዚህ ከአንድ ሲሪንጅ የሚወጣው ጠብታ ይበዛል። ጠብታውን ከቆጠርኩ ሳሙናው ምን ያህል እንደሠራ አውቃለሁ።

ባዶ የዝናብ ውኃ፦ 41፣ 41፣ 42። ጥሩ።

ከዚያ አምስት ሊትር ውኃ በትልቁ ገበቴ አድርጌ የተፈቀፈቀ ሳሙና በሾርባ ማንኪያ እየጨመርኩ ቆጠርኩ።

አንድ ማንኪያ፦ 52።
ሁለት ማንኪያ፦ 49።
ሦስት ማንኪያ፦ 66። ትንሽ ቆይቼ ያንኑ ስቆጥር 58።

ይህ ቁጥር አይደለም፣ ቀልድ ነው። ሳሙና ተጨምሮ ጠብታ እንዴት ይቀንሳል?

ገበቴውን ደፍቼ ንጹሕ ውኃ ሞላሁበት፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በተንኩበት። የክብሪት እንጨት ሳሙና አስነክቼ መሐሉን ነካሁት። በርበሬው ወደ ዳር መሮጥ ነበረበት። ትንሽ ተነቃነቀና ቆመ። እንደ ሰነፍ የቀን ሠራተኛ።

ሚስቴን አስካለን ጠራኋት።

"ይህን ሳሙና የት ገዛሽው?"

"ሁልጊዜ የምገዛበት።"

"ውኃ የበዛበት ነው።"

"ሳሙናን ውኃ ውስጥ ስትጨምር የዋልከው አንተ" አለችና ሄደች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ሳሙና። ሌላ ሲሪንጅም። ቁጥሩ አሁንም ይዘላል። 55፣ 68፣ 61። ባለ ሦስት ማንኪያውን ትናንት ማታ ሃያ ችግኝ ላይ ረጭቼው ነበር፣ ጠዋት ሳይ ተባዩ በእግሩ ይሄዳል። ከሁለት ቀን በላይ በከንቱ ሄደ። ባለ ሱቁን ሰደብኩ። ሲሪንጅ የሠራውን ሰደብኩ። ጣሪያችን ዝጎ ውኃውን አበላሽቶታል ብዬ ደግሞ መሰላል ላይ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አስካለ ገበቴዋን ልትወስድ መጣች። ኮረሪማ ልታጥብበት ነው። አልሰጥም አልኳት። ምንም ሳትል ጣቷን ገበቴው ውስጥ ጠረግ አድርጋ ወደ ፀሐይ አወጣችው። ጣቷ ያበራል።

"እየው። ይህ ምንድን ነው?"

"ምንድን ነው?"

"ቅቤ ነዋ! ፋሲካ ሰሞን እንዳይሰነጠቅ ብለህ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ገትረህ ቅቤ ያጠጣኸው ማን ነው? እኔ ነኝ? ባለ ሱቁ ነው?"

እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው ያሸሁት። እንጨቱ የጠጣው ቅቤ ውኃ በገባበት ቁጥር ይወጣል፣ በተለይ ደግሞ ሳሙና ሲያገኝ።

ልክ ነሽ አላልኳትም። "ሻይ አለ?" አልኳት። አርባ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል። ስኳሩን አብዝታ አመጣችው።

የብርጭቆ ሳህን አመድ አሽቼ በፈላ ውኃ አጠብኩ። ንጹሕ ውኃ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሳሙና የነካ ክብሪት። በርበሬው ፖሊስ እንዳየ ቁማርተኛ ተበተነ! ዓይኔን ሳልጨፍን ዳር ደርሷል። አስካለ እንኳ ኮረሪማዋን ትታ መጥታ አየች።

እንደገና አጠብኩ። አሁን ክብሪቱን ቅቤ አስነካሁት። በርበሬው ሸሸ፣ ግን ቀስ ብሎ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። በላዩ ሳሙና ሳስነካ ቅቤው ከያዘው ቦታ ትንሽ ብቻ ተገፋ።

ገባኝ። ቅቤም ውኃ ፊት ላይ ይተኛል። ገበቴው ውስጥ ሳሙናው ሲደርስ ፊቱ ተይዟል። ደግሞም ሳሙና ቅቤ ካገኘ ውኃውን ይረሳል፣ ተፈጥሮው ቅባት ማሳደድ ነው። የጨመርኩት ሁሉ ቅቤ ሲያጥብ ነው የዋለው።

ይህን ገጽ ማሞ እንዳያየው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

የብርጭቆ ጠርሙስ፣ አዲስ ጄሪካን፣ በአመድ የታጠበ እጅ። ገበቴው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ባዶ ውኃ፦ 41።
አንድ ማንኪያ፦ 60።
ሁለት፦ 79።
ሦስት፦ 91።
አራት፦ 97።
አምስት፦ 97።
ስድስት፦ 98።
ስምንት፦ 97።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው። አራተኛው ማንኪያ ላይ ይቆማል! ከዚያ ወዲያ የፈለግሁትን ብጨምር ጠብታው አይበዛም። የውኃው ፊት ሞላ ማለት ነው። ሳሙናው ጎን ለጎን ተደርድሮ ቦታ አልቋል። አምስተኛው ማንኪያ ፊቱ ላይ የሚተኛበት ስለሌለው ወደ ውስጥ ወርዶ እርስ በርሱ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ለተባዩ ምንም አይጨምርም። ለቅጠሉ ግን መርዝ ነው።

ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። በዚህ ዕድሜዬ።

ማሞን አስጠርቼ አሳየሁት። ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

"ታዲያ እኔን የጎዳኝ ትርፉ ነው?"

"ትርፉ ነው።"

"እንደ ስብሰባችን ነዋ!" አለ። "ወንበር ያገኘው ዝም ብሎ ይሠራል፣ ወንበር ያጣው ነው ቤቱን የሚያቃጥለው።"

ቀልድ ቢሆንም ልክ ነው። ጻፍኩት።

አራት ማንኪያውን ጎደሬ ቅጠል ላይ አንጠባጠብኩ። ጎደሬ ላይ! አልተንከባለለም። ተዘርግቶ ያዘ። ማሞ ቅጠሉን ወስዶ አራገፈው፣ ገለበጠው፣ እጁ ረጠበ። በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለ። ምን ማለት ነው ብለው አልተረጎመልኝም፣ ግን ስድብ አይመስልም።

ማምሻውን አዲስ ሃያ ችግኝ ላይ ረጨሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሞቷል።

ነጭ ዱቄቱ ረጥቦ ተጣብቋል፣ ሰውነቱ ቡናማ ሆኗል። በመርፌ ነካሁት፣ አይንቀሳቀስም። ዓይኔን አላምነውም፣ አስካለን አመጣኋት፣ የእሷ ይሻላል። ሃያውንም አየች። "ሞቷል፣ ሞቷል፣ ይህም ሞቷል" እያለች ስትቆጥር እንደ ለቅሶ ቤት ነበር፣ ደስ የሚል ለቅሶ።

እንደሚመስለኝ ተባይ የሚተነፍሰው ጎኑ ላይ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው። ባዶ ውኃ ፊቱ ስለተወጠረ ቀዳዳው ላይ ቆሞ ይቀራል። ፊቱ የላላ ውኃ ግን ይገባል። ይሰምጣል እንጂ አይመረዝም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ጠበቅሁ። ቅጠል አልተቃጠለም። አንድም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ትልቁ ቀን። ከየቤቱ አንድ ሰው መጣ። መርጫ አራት፣ በርሜል ሦስት።

መጀመሪያ ሁሉም እጁን በአመድ እንዲታጠብ አደረግሁ። ፀጉራቸውን ቅቤ የተቀቡ ሴቶች አሉ፣ እነሱን ሁለት ጊዜ። አጉረመረሙ። ቀጥሎ በየበርሜሉ ንጹሕ ውኃ ሞልቼ በርበሬ በተንኩ፣ ሳሙና የነካ ክብሪትም መሐሉ ላይ አስነካሁ። "ጋሽ በየነ ወጥ ሊሠሩልን ነው" አለ አንዱ፣ ሳቁ። ሁለቱ በርሜል ላይ በርበሬው ተበተነ። ሦስተኛው ላይ ተኝቶ ቀረ።

"ይህ በርሜል ምን ነበረበት?"

አንዲት ሴት፣ "አምና የምግብ ዘይት አምጥተንበታል" አለች።

በርሜሉን አስወጣሁት። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። አራት ማንኪያ ለአምስት ሊትር፣ በማንኪያው ጠርዝ ልክ ተደልድሎ። ማሞ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆየና እጁን ወደ ሳሙናው ዘረጋ።

"አንድ ደግሞ ለምርቃት።"

"ምርቃት የለም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ገበያ ላይ እንኳ ያለ ምርቃት..."

"ገበያ ሂድና ተመረቅ። እዚህ አራት ነው።"

ማንኪያውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ማታ ከእጄና ከኪሴ አልወጣም፣ እኔ ካልሆንኩ በቀር ሳሙና የጨመረ የለም። ወገቤን አመመኝ። ግድ የለም። ቅጠሉን እየገለበጡ ከሥር እንዲረጩ አደረግኋቸው፣ ማሞ መርጫውን አዝሎ ከማንም በላይ ሠራ፣ ይህንንም አልክድም። ፀሐይ ሲበረታ አቁመን ከአሥር ሰዓት በኋላ ጨረስን። ስድስት ሺውም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ዝናብ። ጥሩ ነው፣ ሳሙናውን ያጥበዋል። ሁሉንም መደብ ዞርኩ። የተቃጠለ ቅጠል የለም። ደክሞኛል፣ በቃ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የፈራሁት ነው። ሕያው አግኝተናል፣ አሸዋ የሚያካክሉ ጥቃቅን። እንቁላል ውስጥ የነበሩት ናቸው። ሳሙና እንቁላል ውስጥ አይገባም። ያው አራት ማንኪያ፣ ያው በርሜል፣ እንደገና ሁሉንም ረጨን። አንዱ "ይበርታ፣ አምስት እናድርገው" አለ። ማሞ ነው የመለሰለት። "አምስተኛው ወንበር የለውም" አለው። ወደድኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ጠዋት ብቻዬን ዞርኩ። ስድስት መደብ ምንም የለም። ሰባተኛው ላይ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ፣ አንድ። በመርፌ ነካሁት፣ እግሩን አነሣ። እስከ መጨረሻው መደብ ዞርኩ፣ ሌላ የለም። ያንን አንዱን ተመልሼ አየሁት። አለ።

የችግኙ ባለቤት ደግሞ እኔው ነኝ። የሰባተኛው መደብ ጥግ የእኔ ድርሻ ነው።

ያየኝ ሰው የለም። አውራ ጣት ይበቃዋል። ለአፍታ አውራ ጣቴን አየሁት፣ አልዋሽም። ከዚያ ችግኙ አጠገብ እንጨት ተክዬ ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። የአርባ ቤተሰብ ጉድጓድ ዓይኔ ላይ ነበር ግን አሰርኩት።

ለአስካለ ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ጨፍልቀውና ግባ!"

"ተባዩን ብቻ አይደለም የምጨፈልቀው።"

"ቃልህን ነው?"

"ቃሌን ነው።"

"የሰው ቡና ግን..." አለችና ተወችው። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

በሦስት ሰዓት ብርቱካን መጣች። አባላቱ ሁሉ ግቢውን ሞልተውታል። ማጉያዋን ሳታወጣ ወደ ቀዩ ጨርቅ ወሰድኳት።

"ይኸውልሽ።"

ጎንበስ ብላ አየች። ነካችው። ተንቀሳቀሰ። ከኋላችን ጉምጉምታ ተነሣ፣ አንዲት ሴት "እኚህ ሰውዬ ገደሉን" ስትል ሰማሁ።

"አንድ ነው?" አለች ብርቱካን።

"እኔ ያየሁት አንድ ነው። አንቺ ፈልጊ።"

ፈለገች። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ቅጠል ገልብጣ፣ አፈር ጭራ፣ ከሥሩ ነቅላ ጭምር አየች። የማኅበሩ ሰው ሁሉ መደብ በመደብ ከኋላዋ ተከተለ። ስትጨርስ ጉልበቷን አራገፈችና፣ "የሞተ ሞልቷል። ሌላ ሕያው የለም" አለች።

ቁልፉንና ክብሪቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። "አንድ ካለ ብያለሁ። አንድ አለ።"

አየችኝ። ድምፅዋን አላነሣችም።

"አባባ፣ ይህ ችግኝ የእርስዎ ብቻ ነው?"

"የአርባ ቤተሰብ ነው።"

"ታዲያ በሰው ችግኝ ነው ቃል የገቡት?"

አሥር ቀን ሙሉ ይህ አልታየኝም፣ እንደ ቅቤው። ይህችን ልጅ በልቤ አከበርኳት።

ውሳኔዋ፦ ሰባተኛው መደብ ሁለት ሳምንት ተለይቶ ይቆያል፣ ሌላው ሁሉ ይውጣ። ፈረመች። ጩኸቱ፣ እልልታው! ማሞ ቁልፉን አንሥቶ እጄ ላይ መለሰው። "ማንም አይፈልገውም ጋሼ፣ ከቁልፉ ጋር ያንተ ጸባይ ይመጣል" አለ። ሁሉም ሳቀ። ትንሽ ሳቅሁ።

ክብሪቱን ግን አልመለስኩም። ያንን ችግኝና በዙሪያው የተነካኩትን ሠላሳ፣ ሁሉም የእኔ ድርሻ፣ ነቅዬ አጥሩ ጋ አቃጠልኩ። ይህ ማንንም አይነካም።

ከዚያ ብርቱካን፣ "መጠኑን እንዴት አገኙት?" አለች። የሰኞው ጥያቄዋ ነው፣ አልረሳችውም። ቁጥሩን አልነገርኳትም። የአራት ማንኪያውን ጠርሙስና ሲሪንጁን ሰጠኋት፣ "ቁጠሪ" አልኳት። በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እንዳላሳስታት ጀርባዬን ሰጥቼ የመብራት እንጨቱን እያየሁ ቆምኩ። በሹክሹክታ ስትቆጥር ይሰማኛል። ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ዘጠኝ። አስካለ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

"ዘጠና ሰባት" አለች ብርቱካን።

ደገመችው። ዘጠና ሰባት። አምስት ማንኪያውን ቆጠረች። ዘጠና ሰባት። ቀና ብላ፣ "ይህን እኮ መጽሐፍ ላይ ተምረነዋል። ስም ሁሉ አለው። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም" አለች። ደብተሯን አውጥታ ከበርበሬው ጀምሮ ሁሉንም ጻፈች። ለሌሎቹ ችግኝ ጣቢያዎች ልትወስደው ነው። የገበቴውንም ነገርኳት። ማሞ እየሰማ ነገርኳት። ሌላው ሰው ደግሞ እዚያው ላይ ሁለት ቀን እንዳይጥል።

ከሰዓት በኋላ የሸኮዎቹም ሌሎቹም አባላት ችግኛቸውን በቅርጫት ጭነው ወጡ። ግቢው ባዶ ሆነ፣ ሰባተኛው መደብ ብቻ ቀርቷል። ደመናው ከምዕራብ ጠቁሯል፣ ለተከላ ጥሩ ነው። ገበቴው ጠርዙ ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። ቅቤ የምትቀባው አስካለ ትሁን፣ እኔ እጄን አላስገባም።

ነገ ጠዋት ሰባተኛውን አያለሁ። እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ይኑርበት። አራት ማንኪያ ነው።